የወደቀ ልጅ ለምን ይደብቃል? ስለ ሳይክል፣ ስለ ሄልሜትና ስለ ሕግ

ይህ አራት ኪሎ አካባቢ በአንድ የሰፈር አዳራሽ ለወላጆችና ለልጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። በዕለቱ መምጣት ያልቻሉ እናቶች "ጻፊልን" ስላሉኝ ጻፍኩት። ከንግግሩ በኋላ የተነሡትን ጥያቄዎችም ጨምሬአለሁ።

እንደምን አረፈዳችሁ! ቅዳሜ ጠዋት ገበያ አለ፣ ለቅሶ አለ፣ የሳምንት ልብስ አጠባ አለ። ያን ሁሉ ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ልጆቹን ከፊት ስላስቀመጣችሁልኝ ደግሞ በጣም ደስ ብሎኛል።

ነርስ ነኝ። ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። የዛሬውን ግን የምጀምረው ከእህቴ ቤት ነው።

የእህቴ ልጅ ያኔ 11 ዓመቱ ነበር። ቀበና ነው የሚኖሩት። አንድ እሁድ ከሰዓት እናቱ ዳቦ ላከችው። ከመልሱ ላይ ቀንሶ ሳይክል ተከራየ። ለአሥር ደቂቃ። እዚህ ያላችሁ ልጆች ነገሩን ታውቁታላችሁ። አከራዩ ሰዓቱን ያይና "ሂድ" ይላል። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ ደቂቃ የተከፈለባት ናት። በተከፈለበት አሥር ደቂቃ ቀስ ብሎ የሚነዳ ልጅ አላየሁም። ዳገቱን ገፍቶ ይወጣል፣ ቁልቁለቱን ይለቀዋል።

የፊቱ ፍሬን አይሠራም ነበር። የኋላውም በደንብ አይዝም። ቁልቁለቱ መጨረሻ ኮብልስቶን ላይ ሲደርስ የፊቱ ጎማ ዘለለ። ልጁ በመሪው ላይ አልፎ በጎኑ ወደቀ። ከጆሮው ከፍ ብሎ፣ እዚህ ጋ፣ ከእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ጋር ተጋጨ።

ከዚያ ተነሣ። ይህን ልብ በሉልኝ፣ ተነሣ። ሱሪውን አራገፈ። ሳይክሉን እየገፋ መለሰ። አከራዩ መጀመሪያ ያየው ሳይክሉን ነው። መሪው ጠሟል፣ ካቴናው ወልቋል። "ማን ነው ይህን የሚከፍለው?" አለው። ልጁ "ነገ አመጣለሁ" ብሎ ሄደ። ቤት ሲገባ ለእናቱ ትንፍሽ አላለም። እብጠቱ እንዳይታይ ኮፍያ አደረገ።

እኔ ያን ምሽት እህቴ ቤት ነበርኩ። ራት ሽሮ ነበር። ይህ ልጅ በሽሮ ቀልድ አያውቅም። ሁለት ጊዜ ጎረሰና ተወው። "ሆዴን አሞኛል" አለ። ትንሽ ቆይቶ አስመለሰው። ከዚያ ሶፋው ላይ ጋደም አለ። እናቱ "ብርድ መቶት ነው፣ ይተኛ" አለች። ልብስ ላለብሰው ጠጋ ስል ኮፍያው ወለቀ። እብጠቱን አየሁት። "ምን ሆነህ ነው?" አልኩት። "አክስቴ፣ ለእማዬ እንዳትነግሪያት" አለኝ። ቃላቱ እየተጎተቱ ነበር የሚወጡት። የሰከረ ሰው ነው የሚመስለው።

ሐኪም ቤት ይዘነው ሄድን። ሲቲ ስካን ተነሣ። በራስ ቅሉና በአንጎሉ ሽፋን መካከል ደም ፈስሶ ነበር። በዚያው ሌሊት ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ዳነ። ዛሬ 10ኛ ክፍል ነው። ታሪኩን እንድነግራችሁ እሱ ራሱ ፈቅዶልኛል።

ይህ ዓይነቱ ጉዳት አታላይ ነው። ልጁ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ያወራል፣ ይጫወታል። ደሙ ግን ውስጥ ለውስጥ እየተጠራቀመ አንጎሉን ይጫነዋል። ከሰዓታት በኋላ ልጁ ይፈዛል፣ ይተኛል፣ ሊነቃም አይችልም። የእህቴ ልጅ ከወደቀ በኋላ ስድስት ሰዓት ያህል አልፎታል። መንገድ ተዘግቶ አልነበረም፣ መኪናም አልጠፋም። ፈርቶ ነው። አከራዩን ፈራ፣ እናቱን ፈራ። ዛሬ ስለ ሄልሜትም ሆነ ስለ ሕግ የምላችሁ ሁሉ እዚህ ላይ የቆመ ነው።

እስቲ ቋንቋችንን እንየው። "የራስ ቅል" እንላለን። ቅልና ድንጋይ ሲጋጩ የትኛው እንደሚሰበር ለማንም አይጠፋም። ገጠር ያደጋችሁ ደግሞ ወተት የሚናጥበትን ቅል ታውቃላችሁ። ቅሉን ስትወዘውዙት ወተቱ ከግድግዳው ጋር ይላተማል። እጃችሁ ቢቆምም ወተቱ ወዲያው አይቆምም። አንጎልም እንደዚያ ነው። ውኃ በመሰለ ፈሳሽ ተከቦ የተቀመጠ ለስላሳ ነገር ነው። ራስ አስፋልት ላይ ድንገት ሲቆም አንጎል ጉዞውን ይቀጥልና ከቅሉ ጋር ይጋጫል። ደም ሥር ሊበጠስ ይችላል። ቅሉ ምንም ሳይሰነጠቅም አንጎል ሊጎዳ ይችላል።

ሄልሜት የሚያድነን እየተጨፈለቀ ነው። ቴሌቪዥን ስትገዙ ካርቶኑ ውስጥ ነጭ ፎም አለ አይደል? በጣት ሲጫኑት ጎድጎድ ብሎ ይቀራል። የሄልሜት ውስጡ የዚያ ዘመድ ነው፣ ጠንከር ያለ ብቻ። ባዶ ራስ አስፋልት ሲመታ በጥቂት ሚሊ ሜትር ውስጥ ነው የሚቆመው። ፎሙ ሲጨፈለቅ ያን ርቀት ወደ 2 ሳንቲ ሜትር ያደርሰዋል። የአውራ ጣት ስፋት ነው። ግን ራስ በ2 ሚሊ ሜትር ውስጥ ከሚቆም በ20 ሚሊ ሜትር ውስጥ ቢቆም የሚያርፍበት ኃይል ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል። በዚህም ምክንያት አንዴ በኃይል የተመታ ሄልሜት ዳግም አይደረግም። ከላይ ደህና ቢመስልም ፎሙ ሥራውን ጨርሷል።

"ልጄ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው" የሚሉኝ ወላጆች አሉ። ፍጥነቱን ብቻ አትዩ፣ ከፍታውንም እዩ። ከአንድ ሜትር ተኩል ከፍታ የወደቀ ነገር መሬት የሚደርሰው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረ ነው። ሳይክል ላይ የተቀመጠ ታዳጊ ራሱ ያለው እዚያ ከፍታ አካባቢ ነው። ሳይክሉ ቆሞ እንኳ ቢወድቅ ቀላል ምት አይደለም። የአውሮፓው የሄልሜት መለኪያ፣ ኢኤን 1078 የሚባለው፣ ሄልሜቶችን ጠፍጣፋ ብረት ላይ የሚጥለው በዚሁ ፍጥነት ነው። ይህን ስናገር ወሰኑንም መናገር አለብኝ። በ60 የሚከንፍ ሚኒባስ ለገጨው ልጅ ሄልሜት ብቻውን አይደርስለትም። የመኪና ፍጥነት የሚቀነሰው በመንገድ አሠራርና በቁጥጥር ነው።

ሄልሜት ለመሆኑ ይጠቅማል ወይ? በዚህ ላይ ብዙ ተጠንቷል። አሜሪካ ሲያትል ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1989 የታተመው ጥናት በጣም ታዋቂ ነው። ሄልሜት የራስ ጉዳትን በ85 በመቶ ይቀንሳል አለ። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ይህ ቁጥር በዝቷል ብለው ተከራከሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ የሆነ ሌላ ሥራ 40 ጥናቶችን ሰብስቦ፣ ከ64,000 በላይ የተጎዱ ብስክሌተኞችን መረጃ አየ። ከባድ የራስ ጉዳት ሄልሜት ባደረጉት ላይ በ69 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። እኔ የምይዘው ይህኛውን ቁጥር ነው። ከ85 ያንሳል፣ ግን ከሦስት ከባድ ጉዳቶች ሁለቱን ያስቀራል ማለት ነው። ሁለት ልጆች!

አሁን ወደ ሕጉ።

ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ የሄደችው በ1949 ዓ.ም. ነው፣ ወደ ሜልበርን። ብስክሌተኞቻችንም ሄደው ነበር። ገረመው ደንቦባ አንዱ ናቸው። ሜልበርን የቪክቶሪያ ግዛት ዋና ከተማ ናት። በዓለም ላይ ብስክሌተኛ ሁሉ ሄልሜት እንዲያደርግ መጀመሪያ ያስገደደችው ይህችው ግዛት ናት፣ እ.ኤ.አ. በጁላይ 1990። በአንድ ዓመት ውስጥ ሄልሜት የሚያደርገው ሰው ከ31 በመቶ ወደ 75 በመቶ ደረሰ።

ይህን የሰማ ሰው "እንግዲያው ሕግ ማውጣት ነው" ይላል። ቆይ። ከሕጉ በፊት ምን ነበር? ወደ አሥር ዓመት የሚጠጋ ሥራ ነበር። ትምህርት ቤቶች አስተማሩ። ሄልሜት ለገዛ ሰው ከዋጋው ላይ የሚመለስለት ገንዘብ ነበር። ሕጉ የመጣው ሄልሜት በየሱቁ ከገባ፣ ሰውም ከለመደው በኋላ ነው። ያም ሆኖ ከሕጉ በኋላ መንገድ ላይ በተደረገ ቆጠራ ሳይክል የሚነዱ ታዳጊዎች ቁጥር ቀንሶ ተገኘ። ሕጉ ነው ያስቀረው ወይስ ሌላ ነገር? ክርክሩ ዛሬም አላበቃም። እኔን ግን ያሳስበኛል። ሳይክል መንዳት ያቆመ ልጅ የትም አይወድቅም፣ ነገር ግን ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ተጎንብሶ ይውላል። ይህን አልፈልግም።

ሌላም አለ። ያ የ1989ኙ ጥናት የተሠራባት ሲያትል የሄልሜት ግዴታ ነበራት። እ.ኤ.አ. በ2022 ግዴታው ተነሣ። ሄልሜት አይጠቅምም ተብሎ አይደለም። ቅጣቱ ቤት በሌላቸው ሰዎችና በጥቁሮች ላይ ከድርሻቸው በላይ እያረፈ ስለተገኘ ነው። እኛ ጋ ተመሳሳይ ሕግ ቢወጣ በማን ላይ እንደሚያርፍ አስቡት። መኪና ጭኖት መስቀል አደባባይ በሚያወርደው፣ ሄልሜቱም ጓንቲውም በተሟላለት ልጅ ላይ? አይመስለኝም። በዳቦ መልስ ሳይክል በሚከራየው ልጅ ላይ ነው።

የእህቴን ልጅ እዚህ ላይ መልሳችሁ አምጡት። አከራዩንና እናቱን ፈርቶ ስድስት ሰዓት ደበቀ። በዚያ ላይ ፖሊስ ቢጨመርበትስ? ሄልሜት አላደረግክም ተብሎ ሳይክሉ የሚወሰድ ቢሆንስ? ያኔ ኮፍያውን ጭራሽ አያወልቅም ነበር።

ስለዚህ እኔ ሕግ ይውጣ ባይ ነኝ፣ ግን ልጁን የሚያሳድድ ሕግ አይሁን። በካናዳ የኦንታሪዮ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ያለው ሕግ ጥሩ ነገር አለው። ከ16 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ሄልሜት ሲነዳ እያወቀ የፈቀደ ወላጅ ተጠያቂ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ከወላጅ ቀድሞ አከራዩ ይመጣል። የከተማችን ልጅ ሳይክል የሚለምደው በኪራይ ነው። ስለዚህ ግዴታው እዚያ ይጀምር። አንዱ ፍሬኑ እንኳ የማይዝ ሳይክል አይከራይ። ሄልሜት ከሳይክሉ ጋር አብሮ ይሰጥ፣ በዚያው ዋጋ። ሳይክል አስመጪው ለልጅ የሚሆን ሄልሜት አብሮ ያስመጣ፣ መንግሥትም ቀረጡን ያቅልለት። ልጁ ላይ ግን ቅጣትም፣ ሳይክል መውረስም አይኑር። ደግሞ አሥሩን ደቂቃ ወደ ግማሽ ሰዓት ብናሳድገውስ? ይህ ከእኔ የግል ሐሳብ ነው። የሚሮጥ ሰዓት ልጅን ያስሮጣል።

ትልልቆቹም ቢሆኑ በቀላሉ አልተቀበሉትም። የብስክሌት ውድድር ተወዳዳሪዎች ለዓመታት ሄልሜት አናደርግም ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በማርች 2003 የካዛክስታኑ አንድሬይ ኪቪሌቭ በፓሪስ ኒስ ውድድር ላይ ወድቆ በራስ ጉዳት ሞተ። ሄልሜት አላደረገም ነበር። በሁለት ወር ውስጥ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ሄልሜትን ግዴታ አደረገ። ልጆች፣ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረውን የእኛን ጽጋቡ ገብረማርያምን ፎቶ ፈልጋችሁ እዩ። ራሱ ላይ ሄልሜት አለ። ጎበዝ ሰው ነው የሚያደርገው።

ከዚህ በኋላ ወደ ጥያቄ ገባን።

አንድ አባት ተነሡ። "ኔዘርላንድ ሄጄ አይቻለሁ። ሕፃን ከሽማግሌ ሳይክል ላይ ነው፣ ሄልሜት ያደረገ ግን የለም። እነሱ ሞኝ ናቸው?" አሉ። ሞኝ አይደሉም። የእነሱ ሄልሜት መንገዳቸው ነው። ሳይክሉ የራሱ መስመር አለው፣ መኪናው በሰፈር ውስጥ ቀስ ይላል። እኛም ጀምረናል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በመንገድ ለሰው ቀን መኪና የሌለበት አስፋልት ላይ ልጆቻችን ሲፈነጥዙ አይተናል። በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና አራት ኪሎ ላይ የሳይክል መስመር ተሠርቷል። ደስ ይላል። ግን ልጆቹ የሚማሩት እዚያ አይደለም። ከመስመሩ ወጥተው ሰፈር ሲገቡ ኮብልስቶን አለ፣ ክዳን የሌለው ቱቦ አለ፣ ወደ ኋላ የሚመጣ መኪና አለ። አገሩም ሜዳ አይደለም። ኔዘርላንድ ቀበናን የመሰለ ቁልቁለት የላትም። እነሱ ዘንድ እስክንደርስ ሄልሜቱ ይኑር።

አንዲት እናት ስለ ቆረቆር ጠየቁ። "አንድ ሄልሜት ሃያ ልጅ ካደረገው የማን በሽታ የማን ላይ ይሄዳል?" እውነታቸውን ነው። ይህን ሳንመልስ የኪራይ ሄልሜት ማለት አንችልም። ሄልሜቱ ውስጥ ያሉት ስፖንጆች ይነቀላሉ። በሳሙና ታጥበው ፀሐይ ላይ ይዋሉ። ልጁ ከቤት ስስ ሻሽ ይዞ ይምጣና ከሥር ይሰር። ወፍራም የሱፍ ኮፍያ ግን አይሆንም፣ ሄልሜቱን ያላላዋል። ቆረቆር በመድኃኒት ይድናል፣ አንጎል ውስጥ የፈሰሰ ደም ግን ጊዜ አይሰጥም። ሁለቱን ሳመዛዝን እኔ ሄልሜቱን እመርጣለሁ።

እንዴት ይደረግ ላላችሁኝ፣ በአንዲት ልጅ ላይ አሳየሁ። ከቅንድቧ በላይ ሁለት ጣት ብቻ ይቅር። ወደ ኋላ አዘንብሎ ግንባሯን ካጋለጠ የተደረገ አይባልም። ማሰሪያው ከጆሮዋ በፊትና በኋላ ወርዶ ከጆሮዋ ሥር ይገናኝ። አገጯ ሥር አንድ ጣት ብቻ ያስገባ። ራሷን ስትነቀንቅ አይንቀሳቀስ። ከሳይክል ወርዳ ዛፍ ላይ ወይም መጫወቻ ላይ ከወጣች ግን ታውልቀው። ማሰሪያው ተይዞ ልጅ ሊያንቅ ይችላል። የሞተር ሄልሜት ለልጅ አንገት ይከብዳል። የግንባታ ቆብ ደግሞ ከላይ ለሚወድቅ ዕቃ የተሠራ ነው፣ በጎን ለሚወድቅ ልጅ አይሆንም። ልባሽ ተራ ሄልሜት ካገኛችሁ ውስጡን ገልብጣችሁ እዩ። ኢኤን 1078 የሚል ምልክት ይኑረው። ስንጥቅ ካለው ተዉት።

እማማ አንዷ ከኋላ እጃቸውን አወጡ። "ሲስተር፣ እኛ ልጅ ሲፈነከት ቡና ነው የምንነሰንስበት። ኃጢአት ነው?" አሉኝ። ኃጢአት አይደለም፣ እማማ። ግን ቁስሉን ያቆሽሻል፣ ሐኪሙም ጥልቀቱን ማየት ያቅተዋል። ንጹሕ ጨርቅ ይጫኑበት። ከዚያ ልጁን ይዩት። ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ ቀስቅሰውት እሺ ካላለ፣ ካንቀጠቀጠው፣ የአንዱ ዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ከአፍንጫው ወይም ከጆሮው ውኃ የመሰለ ነገር ከወረደ፣ ነገን አይጠብቁ። 907 ወይም 939 ይደውሉ። አንገቱን እንዳይጎዳው አፋፍሶ ታክሲ ውስጥ መወርወር አያስፈልግም። ደህና ቢመስልም እስከ ማግስቱ አጠገቡ ሰው አይጥፋ።

ወላጆች፣ አንድ ነገር ዛሬ ማታ ቤት ሄዳችሁ ለልጃችሁ ንገሩት። "ከወደቅክ ንገረኝ። ሳይክሉ ቢሰበር እኔ እከፍላለሁ፣ አልቆጣህም።" ደግሞ ስትሉ የእውነታችሁን በሉ። ልጅ ይለያል።

መጨረሻ ላይ የሰፈሩ ሳይክል አከራይ ተነሣ። ወጣት ነው፣ እጁ ላይ የካቴና ግራሶ አለ። "ሲስተር፣ አምስት ሳይክል ነው ያለኝ። አምስት ሄልሜት ልግዛ፣ እሺ። ግን ስንት ቁጥር?" አለኝ። ይህን አላሰብኩበትም ነበር። ከመካከላችን አንዲት ልብስ ሰፊ ሜትር ይዘው ነበር። ልጆቹን በመስመር አቆምናቸው። ከቅንድብ ትንሽ ከፍ ብሎ ዙሪያውን መለካት ነው። 51፣ 53፣ 52፣ 54፣ 53። አከራዩ በእጁ መዳፍ ላይ ጻፈው። ከልጃገረዶቹ አንዷ ሹሩባዋን ገና ትናንት ነው የተሠራችው፣ ጉብ ብሏል። 56 መጣች። "ሲፈታ ደግሞ እንለካሻለን" አሏት ልብስ ሰፊዋ። አከራዩ ከ56 አጠገብ የጥያቄ ምልክት አደረገበት።